ጣና ደሴቶች፦ ጀልባ ከመሳፈራችሁ በፊት

ለእረፍት አገር ቤት ገብታችሁ የጣናን ገዳማት ለመሳለም ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ የትኛው ደሴት ማንን እንደሚያስገባ እወቁ። ዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አጽም ያለበት ገዳም ነው፤ ሴት ግን አይገባም። እህታችሁ ጀልባ ላይ ቁጭ ብላ እንዳትጠብቃችሁ፣ ደቅ ደሴት ያለውን ናርጋ ሥላሴን ምረጡ። ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፤ የራሳቸው ምስልም ከመቅደሱ ሥዕሎች መካከል ይገኛል።

ሁለቱም ከባሕር ዳር ሩቅ ናቸውና ሙሉ ቀን መድቡ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ማዕበል ስለሚያስነሣ በማለዳ ውጡ። የጀልባውን ዋጋ ደርሶ መልስ ተስማሙ፤ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት መኖሩንም አረጋግጡ። ነጠላና ጥሬ ገንዘብ አትርሱ።

ከሁሉ በፊት፣ ትኬት ሳትቆርጡ የአካባቢውን ጸጥታ እዚያው ያለ ዘመድ ጠይቁ።