ከአፈሩ የተነጠለ ጥርስ

የኬንያዋ ሞያሌ ያለችበት የማርሳቢት አውራጃ በምዕራብ በኩል ቱርካና ሐይቅን ይነካል። እዚያ ሐይቁ ዳር ኩቢ ፎራ አለ፤ ከድንበሩ ማዶ ደግሞ የእኛው የታችኛው ኦሞ ሸለቆ። በሁለቱም ስፍራ አፈሩ የጥንት እንስሳት ጥርስ ያወጣል። የጥርስ ልባስ ከአጥንት ስለሚጠነክር ሌላው አካል ፈርሶ እሱ ይተርፋል።

እንዲህ ያለ ጥርስ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ «እውነተኛ ነው?» የሚል ነው። ከፕላስቲክ ሙጫ የተቀረጸ አስመሳይ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጥቃቅን የአየር አረፋ ይገኝበታል፤ የጋለ መርፌ ሲነካውም ይቀልጣል። የበለጠ የሚያታልለው ግማሹ እውነተኛ የሆነው ነው። ከሞሮኮ ወደ ዓለም ገበያ ከሚወጡት የዳይኖሰር ጥርሶች መካከል ስብርባሪው በሙጫና በአሸዋ ተጣብቆ አንድ ወጥ እንዲመስል የተደረገ አለ። የልባሱን መስመሮች ከጫፍ እስከ ሥር በዓይን መከተል ነው፤ የተጣበቀው ቦታ ላይ ድንገት ይቋረጣሉ። የጥርሱ ጥቁረት ብቻውን የጥንት ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ የቅርብ ጊዜ ጥርስም ይቀለማል።

የየትኛው እንስሳ እንደሆነ መለየቱ ይቀላል። የዝሆን መንጋጋ ጥርስ ጎን ለጎን የተደረደሩ ሳንቃዎች አሉት። የጉማሬው ሲያልቅ ገጹ ላይ ባለ ሦስት ቅጠል ቅርጽ ይወጣል። የአዞው ሾጣጣ ነው፤ ሥሩ ባዶ ነው።

የአሳማ ጥርስ ግን ለብቻው ሊወሳ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የኩቢ ፎራ አንድ የእሳተ ገሞራ አመድ ንብር 2.6 ሚሊዮን ዓመት እንደሆነው ተነግሮ ነበር። በ1972 የተገኘው ዝነኛው «1470» የተባለ የጥንት ሰው ዘር የራስ ቅል ከዚያ ንብር በታች ስለነበር ዕድሜው በዚሁ ተሰላ። አንዳንድ የጥንት አሳማዎች የመጨረሻ መንጋጋ ጥርሳቸው በዘመናት ውስጥ እየረዘመ ሄዷል። የቅሪተ አካል ተመራማሪው ባሲል ኩክ የኩቢ ፎራን የአሳማ ጥርሶች ዕድሜያቸው ከታወቀው ከኦሞዎቹ ጋር ሲያስተያዩ፣ ከአመዱ በታች ያሉት 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ካላቸው ጋር ገጠሙ። በኋላ በተደረገው ልኬት አመዱ ወደ 1.9 ሚሊዮን ወረደ። ያ ሁሉ የታወቀው እያንዳንዱ ጥርስ ከየትኛው ንብር እንደወጣ ስለተመዘገበ ነው።

የተገዛ ጥርስ ይህ መዝገብ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1935 የቅሪተ አካል ተመራማሪው ፎን ኮኒግስቫልድ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከአንድ የባህል መድኃኒት መደብር «የዘንዶ ጥርስ» ተብሎ የሚሸጥ ግዙፍ መንጋጋ ጥርስ አገኙ። ከዚያ በፊት የማይታወቅ ትልቅ ዝንጀሮ ጥርስ መሆኑን ለዩት፤ የዚያው እንስሳ ጥርስ ደቡብ ቻይና ዋሻ ውስጥ ከነአፈሩ የተገኘው ግን ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ቅሪተ አካልን በኬንያ እ.ኤ.አ. የ2006ቱ የብሔራዊ ሙዚየሞችና ቅርስ ሕግ፣ በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይጠብቁታል። ሜዳ ላይ ጥርስ ያየ ሰው ሳያነሳ ፎቶ ያንሳው፣ ቦታውን ይመዝግብ፣ በኬንያ በኩል ለብሔራዊ ሙዚየሞች፣ በእኛ በኩል ለቅርስ ባለሥልጣን ያሳውቅ።