ሉልን ስለ መሣል

ሥዕልን የሚወድ ወጣት ገና እርሳስ እንደ ጨበጠ ሊሥል የሚመኘው ፈረሰኛውን ቅዱስ ጊዮርጊስን፣ የእናቱን ፊት ወይም የጉናን ተራራ ሲሆን፣ አንድ ድቡልቡል ነገር በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ፊትና ኋላ፣ ክብደትም ያለው ሆኖ እንዲታይ ማድረግን ግን የሕፃን ሥራ ነው ብሎ አቃልሎ ያልፈዋል፤ እኔ ከሥዕል ትምህርት ሁሉ ይህን ያህል የተናቀ፣ ይህንም ያህል ባለ ውለታ የሆነ ትምህርት አላውቅም። ጉንጭና ግንባር፣ የዓይን ብሌን፣ ትከሻና ጉልበት፣ የፈረስም ታፋ ሳይቀር በየመጠናቸው የሉል ክፋዮች ናቸውና፣ ሉልን በብርሃንና በጥላ ማዞር ያልተማረ እጅ የሰውን መልክ ምንም ያህል አስመስሎ ቢነድፍ ሥዕሉ ከወረቀቱ ላይ ተነሥቶ አይቆምም። በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ሊያስመሰክር የመጣ ደቀ መዝሙር ከአንድ ድፋት ወይም ከአንድ ጭረት ላይ ቢስት መምህሩ «ግድ የለም» ብለው እንደማያልፉት ሁሉ፣ የሥዕል ተማሪም በዚህች አንዲት ቅርጽ ላይ ለሚፈጽመው ግድፈት ምሕረት ሊደረግለት አይገባም።

ስለ መሣሪያው ብዙ ማለት አያሻም፤ ነጭ ወረቀትና በቢላዋ በደንብ የተቀረጸ እርሳስ ይበቃል። ክቡንም ሲነድፉ አንጓን ሳይሆን ክንድን ከትከሻ ጀምሮ በዝግታ ማዞር ነው፤ በብርጭቆ አፍ ዙሪያ እየተከተሉ መቅዳት እጅን ያሰንፋል።

ለአምሳያ የሚሆነውንም ነገር ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። በየመንገዱ ዳርና በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው፣ ሰው ረግጦት የሚያልፈው፣ ስሙም የሚነሣው «የእምቧይ ካብ» ለማለት ያህል ብቻ የሆነው እምቧይ ለጀማሪ ሠዓሊ የተፈጠረ እስኪመስል ድረስ የተመቸ ነው። ነገር ግን ጥሬው አረንጓዴ ስለሆነና ዥንጉርጉር መስመርም ስላለበት፣ ተማሪው የቆዳውን ቀለም ከጥላው መለየት ተስኖት ይደናገራልና፣ በስሎ ወጥ ቢጫ የሆነውን መርጦ፣ እሾሃማ ቆቡን አውልቆ (ፍሬው መርዝ ነውና ሕፃናት ወደ አፋቸው እንዳያስጠጉት ተጠንቅቆ) በነጭ ወረቀት ላይ ያኑረው። ቦታውን በተመለከተ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠር እስከ ዛሬ የምናየው ባለ አንድ በር ጎጆ፣ ሠዓልያን በብዙ ወጪ ከሚያሠሩት ክፍል የሚያንስ አይደለም፤ ብርሃን የሚገባው ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ፣ እምቧዩ ከበሩ ፈንጠር ብሎ በጎን ሲቀመጥ ብሩሁና ጽልሙቱ ክፍል ያለ ጥርጥር ይለያሉ። ሁለት መስኮት ባለው ክፍል ግን ጥላ ከጥላ ጋር ተደራርቦ የሠለጠነውን ዓይን እንኳ ያታልላል።

ብርሃን በሉል ገጽ ላይ የሚያርፈው በሥርዓት ነው። ጨረሩ ቀጥ ብሎ በሚያርፍበት ነጥብ ገጹ እጅግ ብሩህ ሲሆን፣ ከዚያ እየራቀ በሄደ መጠን መደብዘዙ መጀመሪያ በጣም ዝግ ያለ፣ ወደ ጥላው ሲቃረብ ግን የተፋጠነ ነው፤ ከብሩሁ ነጥብ 60 ዲግሪ ርቆ ያለው ገጽ የሚደርሰው ብርሃን ግማሽ ያህል ነው፤ በ90 ዲግሪ ላይ የበሩ ብርሃን ጨርሶ ይቋረጣል። ይህም ድንበር ብርሃኑ ልክ ከተመልካቹ ጎን ካልመጣ በቀር ጎበጥ ብሎ ይታያል እንጂ፣ ተማሪዎች እንደሚያሰምሩት እምቧዩን በቢላዋ ለሁለት የከፈለ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም።

ከዚህ በኋላ ሁልጊዜ ልቤን ወደሚያሳዝነው ግድፈት እመጣለሁ። ከጀማሪዎች አብዛኛዎቹ ጥላው እጅግ የሚጠቁረው በሉሉ ጠርዝ ላይ ነው ብለው ስለሚያምኑ፣ ክቡን በወፍራም መስመር ከበው ከጠርዙ ወደ ውስጥ ያጠቁሩታል። አንድ የእስቴ ልጅ በብዙ ትጋት የሠራውን እንዲህ ያለ ሥዕል ባሳየኝ ጊዜ ምንም ሳልናገር እምቧዩን ከበሩ አጠገብ በነጭ ወረቀት ላይ አኑሬ፣ «ከሥር ወዳለው ጠርዝ ተመልከት» አልኩት። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ካየ በኋላ «ጋሼ፣ ከሥሩ ይበራል» አለኝ። በእውነትም ይበራል፤ በበሩ ገብቶ በወረቀቱ ላይ ያረፈው ብርሃን ተመልሶ የእምቧዩን ሆድ ከታች ስለሚነካው፣ በጥላው ውስጥ ከጠርዙ አጠገብ ደብዛዛ ነጸብራቅ ይታያል፤ ጥላው እጅግ የሚጠነክረውም በጠርዙ ሳይሆን ከእርሱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ የበሩም ብርሃን የወረቀቱም ነጸብራቅ በደንብ በማይደርሱበት ስፍራ ነው። ወረቀቱን አንሥቼ በምትኩ ቀይ ጨርቅ ባደረግሁ ጊዜ የእምቧዩ ሆድ ቀላ፤ ጥቁር ጨርቅ ባደረግሁም ጊዜ ነጸብራቁ ጠፋ፤ ልጁም ከዚያ ወዲያ ጠርዝ ሲያጠቁር አላየሁትም። ይህን የተረዱ ደግሞ በደስታ ብዛት ነጸብራቁን ከልክ በላይ ያበሩታልና ልብ ይበሉ፤ በጥላ ውስጥ ያለ ነጸብራቅ ምንም ቢበራ በብሩሁ ክፍል ካለው ከማንኛውም ስፍራ ይልቅ የጠቆረ መሆን አለበት፤ ከሁሉ የሚጠቁረውም እምቧዩ ወረቀቱን የሚነካበት ቀጭን ስፍራ ነው።

ይህ የጠርዝ ማጥቆር ልማድ ከድንቁርና ብቻ የመጣ አይመስለኝም፤ ዓይናችን በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያደገ ስለሆነ ነው። በብዙ መቅደሶች ግድግዳ ላይ ቅድስት ሥላሴ ዓለምን በክብ አምሳል በእጃቸው ይዘው ይታያሉ፤ በእቴጌ ምንትዋብና በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን፣ ማለት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ18ኛው መቶ ዓመት የተነሡት የጎንደር ሠዓልያንም ቀድሞ ጠፍጣፋ የነበረውን ፊት በጥላ ማጉላት በጀመሩ ጊዜ፣ ጥላውን ብዙውን ጊዜ ያኖሩት በጉንጭና በአንገት ዳርቻ በግራም በቀኝም ነበር። ይህ በእነርሱ ዘንድ ትክክል ነው፤ የቅዱሳንን ገጽ የሚያበራው ብርሃን ከአንድ በር የሚገባ ብርሃን አይደለምና። ያንኑ ሕግ በበር አጠገብ ለተቀመጠ እምቧይ ማዋል ግን ሁለቱን ሥርዓት ማደባለቅ ነው፤ ሁለቱንም ለያይቶ የሚያውቅ ሠዓሊ በሁለቱም ሊጠቀም ይችላል።

በቤቱ ያየውን ነገር የሚጠራጠር ቢኖር ጨረቃ በሠረቀች በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ማታ ወደ ምዕራብ ይመልከት። ከብሩሁ ቀጭን ማጭድ ሌላ የቀረው የጨረቃ ክፍል በደብዛዛ ብርሃን ይታያል፤ ያም ከምድር ተመልሶ የደረሳት የፀሐይ ብርሃን መሆኑን በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የጻፈው ኢጣሊያዊው ሠዓሊ ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ ነው። በእምቧዩ ሆድና በጨረቃ ላይ የሚሠራው ሕግ አንድ ነው። ሙሉ ጨረቃ ግን ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምታበራት ድቡልቡልነቷ አይታወቅም፤ በእጅ ስልክ መብራት ፎቶግራፍ አንሥተው ከእርሱ የሚሥሉ ወጣቶች ሥዕላቸው ጠፍጣፋ የሚሆንባቸውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ብርሃኑ ከተመልካቹ ዓይን ጎን ስለሚወጣ ጥላውን ከነገሩ ጀርባ ይሸሽገዋል። ጥላን በጣት የሚፈትጉትንም እገሥጻለሁ፤ የጣት ወዝ ወረቀቱን ያቆሽሻል፣ ብሩሁንና ጽልሙቱንም አንድ ዓይነት ዳመና ያደርጋቸዋል። በእርሳሱ ጫፍ መስመርን በመስመር ላይ ቀስ እያሉ መደረብ ጊዜ ይወስዳል፤ ይውሰድ።

አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የመሠረቱት፣ ዛሬም በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለሚሹት ሁሉ የሚበቃ ቦታ የለውም፤ ከስማዳ ተነሥቶ እዚያ ለመድረስም ለብዙው ልጅ አቅም አይፈቅድለትም። ስለዚህ በንፋስ መውጫ፣ በመካነ ኢየሱስና በወገዳ የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ ለተማሪዎቻችሁ የሰው መልክ ከመስጠታችሁ በፊት አንዳንድ የበሰለ እምቧይና አንዳንድ ነጭ ወረቀት ሰጥታችሁ ከበሩ አጠገብ አስቀምጧቸው፤ ነጸብራቁንም እነርሱ ራሳቸው አይተው እስኪነግሯችሁ ድረስ አትንገሯቸው።