ለምታጠባ ሠራተኛ ሰዓት

በየጤና ጣቢያው ለእናቶች የሚነገረው ምክር አንድ ነው። ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያው ሰዓት ጡት ይያዝ፤ እንገሩ አይደፋ፤ እስከ 6 ወር ውኃም ቢሆን አይቅመስ፤ ከዚያ ተጨማሪ ምግብ ተጀምሮለት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይጥባ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለውም ይህንኑ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን ግን ሌላ ቁጥር ይዟል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 የሥራ ቀን ከነደመወዟ ይፈቅዳል። የቀድሞው ሕግ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 60 ተከታታይ ቀን ብቻ ስለነበር ለውጡ ቀላል አይደለም። ይሁንና በሳምንት 6 ቀን ለምትሠራ ሴት 90 የሥራ ቀን 15 ሳምንት ገደማ ነው፤ 5 ቀን ለምትሠራ ደግሞ 18። 6 ወር 26 ሳምንት ነው። በመካከሉ ለሚቀሩት ከ8 እስከ 11 ሳምንታት ሕጉ ዝም ይላል። በሥራ ቀን መሐል ለማጥባት ወይም ወተት ለማለብ የሚሰጥ የተከፈለ ዕረፍት በአዋጁ ውስጥ የለም። የእኔ ክርክር ይህ ክፍተት ከሁሉ አስቀድሞ በሰዓት መሞላት አለበት የሚል ነው።

ምክንያቱ ከጡት አሠራር ይጀምራል። ጡት የሚያመርተው በሚወጣለት ልክ ነው። ሕፃኑ ሲጠባ ወይም ወተቱ ሲታለብ ሰውነት ተጨማሪ እንዲሠራ ይታዘዛል፤ ሞልቶ ከቆየ ደግሞ ምርቱን የሚገታ ምልክት ከራሱ ከጡቱ ይነሣል። ጠዋት 1 ሰዓት ከቤት ወጥታ፣ የታክሲ ሰልፉን ጨርሳ፣ ማታ 12 ሰዓት የምትመለስ እናት ልጇ ቢያንስ ሦስት አራት ጊዜ የሚጠባበትን ጊዜ ታሳልፋለች። ጡቷ ያጋታል፣ ይጠጥራል፣ ወተቱ ሸሚዟን ያረጥበዋል፤ ሳይለቀቅ ከቆየም ትኩሳት ያለው የጡት ብግነት ሊከተል ይችላል። ይህ ቀን በቀን ሲደጋገም ወተቱ ይቀንሳል። ያን ጊዜ «ነጠፈባት» ይባልና አጥሚትና አብሽ ይመከርላታል። አጥሚቱ ጥሩ ነው፣ ጉልበት ይሰጣታል። የጎደላት ግን ወተቷን የምታወጣበት ግማሽ ሰዓት ነበር።

ለማለብ ደግሞ የግድ ማሽን አያስፈልግም። እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ተቀቅሎ የደረቀ አፈ ሰፊ ኩባያ ማዘጋጀት፣ አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን በጡቱ ጫፍ ዙሪያ ካለው ጠቆር ያለ ቆዳ ጠርዝ ላይ አድርጎ ወደ ደረት ገፋ፣ ቀጥሎ ጨመቅ፣ ከዚያ ለቀቅ ማድረግ ይበቃል። መጀመሪያ ጠብታ ነው የሚመጣው፤ ትንሽ ቆይቶ ቀጭን ፍንጥቅታ ይሆናል። ሁለቱንም ጡት ለማዳረስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። የታለበው ወተት በክፍል ሙቀት 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ 4 ቀን ይቆያል፤ ለሕፃኑም በኩባያ ቢሰጠው ይሻላል፣ ጡጦ ለማጽዳት ያስቸግራልና። «የታለበ ወተት ይበላሻል»፣ «ዓይን ያርፍበታል» የሚሉ ሥጋቶች በየቤቱ አሉ። የመጀመሪያው በንጽሕናና በቅዝቃዜ መልስ ያገኛል። ሁለተኛው ለሚያሳስባት እናትም ክዳን ያለው ዕቃና በሩ የሚቆለፍ ክፍል ከማንኛውም ክርክር ይበልጥ ይጠቅማታል።

ክፍሉ ብቻውን ግን አይበቃም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች እናቶች የሚያጠቡበትና ልጆቻቸውን የሚንከባከቡበት የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዟል፤ መልካም ትእዛዝ ነው። ነገር ግን ልጇን በተጨናነቀ ታክሲ ይዛ መምጣት የማትችለው እናት በማቆያው አትጠቀምም። የባንክ ገንዘብ ተቀባይዋም ሒሳቧን ሳታስረክብ ከመስኮቷ አትነሣም። በልብስ ስፌት ፋብሪካ መስመር ላይ ያለችው ሠራተኛ ደግሞ ከተነሣች ሥራው ከፊቷ ይከመራል፣ የቀኑ ኮታ ይጎድልባታል። ሰዓቱ በሕግ ካልተሰጣት በየቀኑ የአለቃዋን ውለታ መለመን አለባት፤ ማፈር ሲበዛባት ሽንት ቤት ገብታ ወተቷን ትደፋዋለች። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስምምነት ቁጥር 183 የማጥቢያ ዕረፍት እንደ ሥራ ሰዓት ተቆጥሮ እንዲከፈልበት የሚጠይቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ጎረቤታችን ኬንያም በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የጤና ሕግ አሠሪዎች የማጥቢያ ክፍል ከእጅ መታጠቢያና ከማቀዝቀዣ ጋር እንዲያዘጋጁ፣ ከምግብ ሰዓት ውጭም በ8 የሥራ ሰዓት እስከ 1 ሰዓት የማጥቢያ ዕረፍት እንዲሰጡ ደንግጋለች።

«ወተት የሚያስቀረው ሥራ አይደለም» የሚል ሊኖር ይችላል፤ ከፊል እውነት አለው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከ6 ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 በመቶ ሲሆኑ፣ 4 እና 5 ወር የሞላቸው ተለይተው ሲታዩ 36 በመቶ ብቻ ናቸው። አብዛኞቹ እናቶች የገጠር ናቸውና ይህን ሁሉ በቢሮ ማሳበብ አይቻልም፤ ውኃና የላም ወተት ቀድሞ የማስጀመር ልማድም አለበት። ሆኖም ልማድን በምክር መለወጥ ይቻላል፤ ምክሩን የተቀበለችውን እናት ግን የመሥሪያ ቤት ሰዓት ሊያስጥላት አይገባም። የጣሳ ወተት አለ ለሚሉም፣ እሱ ንጹሕ የፈላ ውኃና ትክክለኛ ልክ ይፈልጋል፤ ዋጋው ሲከብድ ደግሞ የሚቀጥነው ለሕፃኑ የሚበጠበጠው ነው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የአሠሪዎች ነው፤ መብት በተጨመረ ቁጥር ሴት መቅጠር ይወደዳል ይላሉ። ሥጋቱ መሠረት አለው፤ በእኛ ሕግ የወሊድ ፈቃዱን ደመወዝ ብቻውን የሚሸከመው አሠሪው ነውና። ስምምነት 183 የወሊድ ክፍያው በማኅበራዊ ዋስትና ወይም ከሕዝብ ገንዘብ እንዲሸፈን የሚያሳስበው ይህን አይቶ ነው። ስለዚህ ተቃውሞው ማን ይክፈል የሚለውን እንድንመልስ ያስገድደናል እንጂ እናትየዋን ሰዓት አያስከለክላትም። ፈቃዱን ወደ 6 ወር ማራዘምም በበኩሌ የምደግፈው ነው፤ ግን ጡት እስከ 2 ዓመት ከተባለ ከ6 ወር በኋላም የሚያጋት ጡት አለ፣ ሰዓቱም ያኔም ያስፈልጋል።

አዋጁ ሲሻሻል፣ ልጇ ዓመት እስኪሞላው ድረስ በቀን ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ከነክፍያው የሚል አንቀጽ ቢገባበት የዕረፍቱን ጥያቄ ይመልሳል። የሚቀረው የቤት ሠራተኛዋ ነገር ነው። የታለበውን ወተት ቤት ቀርታ በኩባያ የምታጠጣው እርሷ ናት፤ አዋጅ 1156 ግን የቤት ሠራተኞችን ከራሱ አውጥቶ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሚያወጣው ደንብ ትቷቸዋል። የእርሷ ወሊድና የእርሷ ጡት ከዚያ ደንብ ውስጥ መጻፍ አለበት፤ ከቢሮዋ እናት ጋር በአንድ ጊዜ እንጂ ከዓመታት በኋላ አይደለም።