4 ኪሎ ተኩል ሲወለድ እልልታ ብቻ ይበቃል?

በሰው አገር ልጅ ሲወለድ ከአገር ቤት ስልኩ መጮህ ይጀምራል። «ወንድ ነው ሴት?» ከተባለ በኋላ የሚቀጥለው «ስንት ኪሎ?» ነው። 4 ኪሎ ተኩል ከሆነ እልልታው ይቀልጣል። እኛም እልል ብለናል፣ አንዋሽም። ግን ይሄ ክብደት አንዳንዴ የእናትየዋ ስኳር ከፍ ማለቱን የሚናገር ነው። ሐኪሞች አይደለንም፤ አንብበን የተረዳነውን እናካፍላችሁ።

ነገሩ ከእንግዴ ልጁ ይጀምራል። እንግዴ ልጅ ምግብና ኦክስጅን ከእናት ወደ ፅንሱ ያሻግራል። ከዚህ ሌላ የእናትየዋን ኢንሱሊን የሚያዳክሙ ሆርሞኖች ያመነጫል፤ ለልጁ ስኳር እንዲተርፍለት ማለት ነው። የብዙዎቹ እናቶች ቆሽት ተጨማሪ ኢንሱሊን አምርቶ ይቋቋመዋል። ካልቻለ ግን ስኳሩ በደሟ ውስጥ ይጨምራል። ከዚያ በፊት ስኳር ያልነበረባትን ሴት «የእርግዝና ስኳር አለብሽ» የሚሏት ለዚህ ነው። ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

አሁን ዋናውን ልብ በሉ። ስኳር በእንግዴ ልጁ ያልፋል፣ የእናት ኢንሱሊን ግን አያልፍም። ስለዚህ የመጣለትን ስኳር ፅንሱ በራሱ ቆሽት መወጣት አለበት። ይህንን በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ያብራሩት የዴንማርኩ ሐኪም ዮርገን ፔደርሰን ናቸው። ኢንሱሊን ደግሞ ፅንስን ያሳድጋል፤ ትርፉ ስኳር ስብ ይሆናል፣ በተለይ ትከሻና ሆድ ላይ። እንግዴ ልጁ ራሱም ከወትሮው ሊከብድ ይችላል።

ችግሩ የሚመጣው በምጥ ጊዜ ነው። ጭንቅላቱ ወጥቶ ትከሻው ሊያዝ ይችላል። እትብቱ ሲቆረጥ ደግሞ ከእናት የሚመጣው ስኳር ድንገት ይቆማል፤ የልጁ ቆሽት ግን ኢንሱሊን ማምረቱን ስለሚቀጥል ስኳሩ ይወርዳል። ነርሶቹ ተረከዙን ወግተው ደም ሲወስዱ «ልጄን ለምን ይወጉታል?» ብላችሁ አትቆጡ። ቶሎ ጡት መስጠትም ይረዳዋል።

የተገላቢጦሹም አለ። ለዓመታት ስኳር ኖሮባት የደም ሥሮቿ የተጎዱ እናት ለፅንሱ የሚደርሰው ደም ሊያንስ ስለሚችል ልጁ ትንሽ ሆኖ ሊወለድ ይችላል።

ስለዚህ እህቶቻችን፣ ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት የሚሰጠውን ያንን ጣፋጭ ውሃ «ያቅለሸልሸኛል፣ ስኳር ደግሞ በዘሬ የለም» ብላችሁ አትለፉት። ስኳር ከተገኘ ብዙዎቹ ምግባቸውን በማስተካከልና በእግር በመሄድ ይቆጣጠሩታል። ለስላሳና ጁሱ ይቅር፣ እንጀራውም በልክ ይሁን። ሐኪሙ ኢንሱሊን ካዘዘ ደግሞ «ልጄን ይጎዳብኛል» ብላችሁ አትፍሩ፤ ቅድም እንዳልነው የእናት ኢንሱሊን ወደ ልጁ አይሻገርም። ልጁን የሚጎዳው ስኳሩን ዝም ብሎ መተው ነው።

ከወለዳችሁ በኋላም ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ተመርመሩ። የእርግዝና ስኳር ቢጠፋም ወደፊት እናትየዋን ስኳር ሊይዛት የሚችልበት ዕድል ከሌላው ሰው ይበልጣል።

እልልታው አይቅር። ግን «ስንት ኪሎ?» ከማለታችን በፊት፣ ገና በእርግዝናዋ ጊዜ «ስኳርሽን ተለካሽ ወይ?» ብለን እንጠይቃት። ለምታውቋት ነፍሰ ጡር አካፍሏት። ቸር ይግጠመን!