መርሳታቸውን የሚያውቁ አረጋውያን

ከሩቅ የመጣ ዘመድ አረጋዊቷን ስሞ ሳይጨርስ «እማማ፣ አወቁኝ? እስቲ ማን ነኝ?» ይላል። ቤቱ ሁሉ ፈገግ ብሎ ይጠብቃል። ስሙ ከመጣላቸው ደስታ ነው፤ ካልመጣላቸው «ኧረ ጃጅተዋል!» ተብሎ ይሳቃል። ጠያቂው ክፋት የለበትም። እማማ ግን በሰው ፊት ፈተና ወድቀዋል፤ ሌላ ጊዜ እንግዳ መጣ ሲባል «አሞኛል» ብለው ጓዳ መቅረት ይጀምራሉ።

ከእርጅና ጋር በሚመጣው የተለመደ መርሳትና በዲሜንሺያ (በመርሳት በሽታ) መካከል ሐኪሞች መለስተኛ የግንዛቤ መዳከም የሚሉት ደረጃ አለ። እዚህ ያለ ሰው ቤቱን ያስተዳድራል፣ ገበያ ወጥቶ ይገባል፤ ነገር ግን ቀጠሮ ይስታል፣ የጠየቀውን መልሶ ይጠይቃል፣ ወግ ጀምሮ ስም ይጠፋበታል። የአሜሪካ የነርቭ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ መሠረት ችግሩ ከ60 እስከ 64 ዓመት ካሉት ሰዎች 6.7 በመቶውን፣ ከ80 እስከ 84 ካሉት ደግሞ 25.2 በመቶውን ይነካል። ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑት ባለችግሮች በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ዲሜንሺያ የተሻገሩት 15 በመቶ ገደማ ናቸው። ባሉበት የሚቆዩ ብዙ ናቸው፤ ወደ ቀድሞ ጤናቸው የሚመለሱም አሉ። ቤተሰብ ግን የምርመራውን ውጤት ሲሰማ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው መጨረሻው ብቻ ነው።

በዚህ ደረጃ ካሉት ብዙዎቹ መርሳታቸውን ያውቁታል፤ ትልቁ ሕመምም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ስሕተቱን ራሳቸው ያዩታል፣ ያፍራሉ፣ ላለመሳሳት ሲሉ ዝም ይላሉ፣ ከሰው ይርቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ እንዳሳየው በዚህ ደረጃ ካሉት 32 በመቶ የሚሆኑት የድብርት ምልክት አለባቸው፤ ወደ ሕክምና ተቋም ከመጡት መካከልማ 40 በመቶው። ድብርት ደግሞ በበኩሉ ትኩረትንና እንቅልፍን ስለሚነሳ መርሳቱን ያባብሰዋል።

«የሚረሱት ነገር ምን ያስከፋቸዋል?» የሚል ካለ፣ የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙትን ይስማ። አልዛይመር የተባለው የዲሜንሺያ ዓይነት ላለባቸው ሰዎች አሳዛኝና አስደሳች የፊልም ቅንጫቢዎችን አሳዩ። ሰዎቹ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ስላዩት ነገር እምብዛም አላስታወሱም፤ ስሜቱ ግን አብሯቸው ቆየ። እንዲያውም ፊልሙን ይበልጥ የረሱት ሰዎች ኀዘን ይበልጥ ቆየ። ምክንያቱ ከጠፋ በኋላ የቀረ ኀዘንን «በዚህ ነው የከፋኝ» ብሎ ማራገፍም አይቻልም። አልዛይመር ላይ እንዲህ ከሆነ፣ አብዛኛውን ነገር በሚያስታውሱት ላይ የቁጣና የሳቅ ጠባሳ ምን ያህል እንደሚቆይ መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ «ማን ነኝ?» ይቅር። «እማማ፣ የእገሌ ልጅ ነኝ፣ ከናዝሬት መጣሁ» ብሎ ጨዋታውን መጀመር ምንም አያስወጣም።

ሌላው የደግ ሰው ስሕተት ሥራ መንጠቅ ነው። የዕድሩ ገንዘብ ያዥ አባባ ሒሳብ ሁለት ጊዜ ቢሳሳቱ ወዲያው «ይረፉ» ይባላሉ። ያረፉት ግን ከመከበር ጭምር ነው። አንድ ወጣት አጠገባቸው ተቀምጦ መዝገቡን ቢጽፍና እሳቸው ቢቆጥሩ፣ የዕድሩ ገንዘብ አይጎድልም፣ አባባም በየወሩ ለብሰው የሚወጡበት ምክንያት አይጠፋም። ቡና ማፍላትም እንዲሁ ነው፤ እሳቱን ሌላ ይጠብቅ፣ ማፍላቱ የእማማ ይሁን። ከሰው ጋር ሆኖ በእግር መሄድም ጥሩ ነው፤ ከላይ የጠቀስኩት የነርቭ ሕክምና አካዳሚው መመሪያ በሳምንት ሁለት ጊዜ የአካል እንቅስቃሴን ይመክራል።

ዝም ያለ ሁሉ ግን ድብርት ይዞታል ማለት አይደለም። አንዳንዱ የመነሳሳት ስሜቱ ነው የጠፋው፤ አያዝንም፣ አያለቅስም፣ ብቻ በራሱ ተነሳስቶ ምንም አይጀምርም። ልጆቹ «ሰነፈ» ይሉታል። ይህ ሰው እጁን ይዞ የሚያስጀምረው ካገኘ ይከተላል። የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎቱ የጠፋ፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ» የሚል ሰው ግን ሐኪም ያስፈልገዋል፤ ድብርት በእርጅናም ይታከማል። ሐኪሙ ዘንድ ሲኬድ የሚወሰዱት መድኃኒቶች በሙሉ ይያዙ። ለድብርት፣ ለነርቭ ሕመምና ለእንቅልፍ የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን፣ ለማስታወስ የሚያገለግለውን አሴቲልኮሊን የተባለ የአንጎል ኬሚካል ሥራ ስለሚያግድ መርሳቱን ሊያባብስ ይችላል። በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም፤ መጠየቅ ግን ይገባል። መርሳትን ሊያስከትሉ የሚችሉት የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የእንቅርት ዕጢ መዳከምም በደም ምርመራ ይታወቃሉ፣ ይታከማሉም።

በውጭ አገር ለሚኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። የማስታወስ መመርመሪያው ቀኑንና ዓመቱን ይጠይቃል። ዋሽንግተን ያሉ እናት በኛ አቆጣጠር ቢመልሱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የተሳሳቱ ይመስላሉ። አስተርጓሚው ይህን ካላስረዳ፣ ጤነኛዋ ሴት በሽተኛ ተብላ አንገቷን ደፍታ ትወጣለች።

የምርመራው ውጤት ለአረጋውያኑ ይነገራቸው ወይ? ብዙ ቤተሰብ «እንዳይደነግጡ» ብሎ ይደብቃል። እኔ፣ ማወቅ የሚፈልጉ ከሆነ ይነገራቸው ባይ ነኝ። የጠረጠሩትን ነገር ደብቀናቸው ፍርሃቱን ለብቻቸው እንዲሸከሙ እናደርጋለን። በዚያ ላይ ቤቱ ለማን እንደሚሆን፣ ማን እንደሚያስታምማቸው፣ ውክልናውን ማን እንደሚይዝ የመወሰን መብት የእነሱ ነው። ኑዛዜውን አሁን፣ ምስክሮች ባሉበት፣ በራሳቸው ቃል በጽሑፍ ቢያሰፍሩት፣ ኋላ ልጆች «ያኔ አእምሯቸው ደህና ነበር፣ አልነበረም» እየተባባሉ ፍርድ ቤት ከመመላለስ ይድናሉ።