ጓዙን ጭኖ በቢግ ሰር ዳርቻ

ከሞንተሬይ ተነስቶ ወደ ደቡብ የሚወርድ ብስክሌተኛ ካርሜል ሲደርስ ሱፐርማርኬት ሳይገባ አያልፍም። ከዚያ ወዲያ የካሊፎርኒያ 1 ቁጥር አውራ ጎዳና ቢግ ሰር የተባለውን ዳርቻ ተከትሎ፣ በግራ ተራራ፣ በቀኝ የፓስፊክ ውቅያኖስን ይዞ እስከ ሳን ሲሚየን 145 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠማዘዛል። በመሀል ያሉት ሱቆች ጥቂት ናቸው፤ ዋጋቸውም አይቀመስም። ስለዚህ ፓስታው፣ ሙዙና ኦቾሎኒው ከድንኳኑና ከምድጃው ጎን ይታጨቃል፤ ድሮም ቀላል ያልነበረው ጭነት ሌላ ኪሎ ይጨመርበታል።

ጓዝ ተጭኖ የሚደረግ የብስክሌት ጉዞ ዋናው ቁም ነገር ይኸው ክብደት ነው። መኝታ፣ ማብሰያ፣ ልብስና መፍቻ ሲደመር ከ15 እስከ 25 ኪሎ ይደርሳል። ቀኑ እንዴት እንደሚውል የሚወስነውም እሱ ነው፦ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚኬድ፣ የት እንደሚታደር፣ ነፋሱ ከየት ቢመጣ እንደሚበጅ።

ብስክሌቱም ለዚሁ ታስቦ የተሠራ ነው። የውድድሩ ብስክሌት ሰጋር ፈረስ ከሆነ ይህኛው አጋሰስ ነው። ቴላዮው አብዛኛውን ጊዜ ብረት ነው፤ ከፔዳሉ መሀል እስከ ኋላ ጎማው መሀል ያለው ርቀት 46 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ ከውድድር ብስክሌት በአምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ይህች ትንሽ ልዩነት ባትኖር ተረከዝ በየዙሩ ከኋላ ቦርሳው ጋር ይጋጭ ነበር። ጎማው ሰፋ፣ ራጂው በዛ ይላል። ከኋላም ከፊትም በጎማው ግራና ቀኝ ቦርሳ ይንጠለጠላል። ከባዱ ዕቃ ከታች ይገባል፤ የሁለቱ ጎኖች ክብደትም እኩል መሆን አለበት። ይህን ችላ ያለ ሰው ቁልቁለት ላይ መሪው እጁ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ያገኘዋል።

ቦርሳው ውሃ የማያስገባ እንዲሆን ያደረገው አንዱ ሰው ጀርመናዊው ሃርትሙት ኦርትሊብ ነው። እንግሊዝ አገር በብስክሌት ሲጓዝ ዝናብ ጓዙን አበስብሶበት፣ ከጭነት መኪና ሸራ ቦርሳ መስፋት ጀመረ፤ በ1982 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ድርጅት ቦርሳዎች ዛሬም በዚህ መንገድ ላይ ይታያሉ።

የጉዞው አቅጣጫ ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው፤ ምክንያቱም ነፋስ ነው። በካሊፎርኒያ የሙቀት ወራት በሰሜን ፓስፊክ ላይ የሚሰፍረው ከፍተኛ የአየር ግፊት ነፋሱን ከሰሜን ምዕራብ ያነፍሰዋል። አራት ቦርሳ የተንጠለጠለበት ብስክሌት ለነፋስ ሰፊ ገላ አለው፤ ከኋላ ሲመጣለት ይገፋዋል፣ ከፊት ሲመጣበት ግን ሜዳውን ዳገት ያደርግበታል። አሜሪካኖች የሚነዱት በቀኝ በመሆኑ ደግሞ ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው ባሕሩን አጠገቡ ያገኛል፤ በእሱና በገደሉ መካከል ሌላ የመኪና መስመር የለም። ይህ ለዓይን ድግስ ነው፤ ጠርዙ ሲጠብ ግን ልብ ያስደነግጣል።

ብዙ ሰው በፎቶ የሚያውቀው ቢክስቢ ድልድይ የሚገኘው ከካርሜል በስተደቡብ ነው። በ1932 እ.ኤ.አ. የተሠራ የኮንክሪት ቅስት ሲሆን ከሸለቆው ወለል 80 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ልምድ ያለው ብስክሌተኛ ጥጉን ይዞ አይሳብም፤ ከኋላ የሚመጣውን አይቶ መስመሩ መሀል ገብቶ ያልፋል። በካሊፎርኒያ ሕግ ብስክሌት የሚቀድም መኪና ቢያንስ 91 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት፤ ጠመዝማዛ ላይ ትልልቅ የመዝናኛ ቤት መኪኖች ሲመጡ ግን ሕጉን ብቻ መተማመን አይበቃም።

ከድልድዩ ወዲያ ዳገቱ ሃሪኬን ፖይንት ወደሚባለው ጉብታ ይወጣል፤ ከባሕር ወለል 170 ሜትር ገደማ ነው። ቁጥሩ ለመኪና ምንም አይደለም። ባለ ጓዙ ግን ዝቅተኛውን ማርሽ ይዞ ከፊት ባለ 26፣ ከኋላ ባለ 34 ጥርስ ሲጠቀም፣ ፔዳሉ አንዴ ዞሮ የሚያስኬደው 1.6 ሜትር ብቻ ነው። በደቂቃ 60 ጊዜ ቢያዞር በሰዓት ስድስት ኪሎ ሜትር አይሞላም። በዚያ ፍጥነት የሚሰማው የካቴናው ድምፅና የማዕበሉ ነው፤ የሚታየውም ከጭጋግ ሥር ብቅ ጥልቅ የሚል ዓለት። ጭጋጉን የሚያመጣው ከጥልቁ የሚወጣው ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ሐምሌ ላይ እንኳ ጃኬት ያስለብሳል።

መንገዱ ራሱ አይታመንም። ግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ማድ ክሪክ ላይ ተራራው ተንዶ 400 ሜትር ያህሉን ቀበረው፤ እንደገና የተከፈተው ከዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ማንም ከመነሳቱ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ያጣራል።

ወደ ማታ ብስክሌተኛው ፋይፈር ቢግ ሰር የሕዝብ ፓርክ ይገባል፤ ከሞንተሬይ 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። እዚህ ያለው ሥርዓት ሊመሰገን ይገባዋል፦ በእግርና በብስክሌት ለሚመጡ ብቻ የተለየ ማደሪያ አለ። ቦታ ቀድሞ መያዝ አያስፈልግም፤ ክፍያውም በነፍስ ወከፍ ጥቂት ዶላር ነው። መኪና ያለው ሰው ወራት ቀድሞ ካልያዘ በማያገኘው ደን ውስጥ፣ እግሩ የዛለ መንገደኛ ከሬድዉድ ዛፎች ሥር ድንኳኑን ይተክላል። ምግቡን ግን ራኩን የተባለች ሌባ አውሬ እንዳትወስድበት በተዘጋጀው ሣጥን ይቆልፋል።

በማግስቱ የሚያድርበት ኪርክ ክሪክ ከዚህ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከባሕሩ አፋፍ ላይ የተቀመጠ ውብ የድንኳን ሰፈር ነው፣ የመጠጥ ውሃ ግን የለውም። ስለዚህ የበላው ምግብ ያቀለለውን ጭነት በውሃ ይተካዋል፤ ለራትና ለቁርስ አራት ሊትር ከያዘ፣ አራት ኪሎ ጨምሮ ዳገቱን ይጀምራል።