ከ31 የቡና ፍሬ እስከ 41 ሚሊዮን አሃዝ

ቦንጋ ውስጥ ቡና ከመቆላቱ በፊት ፍሬው ሰፌድ ላይ ይለቀማል። ከዚያ ሰፌድ 28 ፍሬ ቆጥረን በአራት ረድፍ ሰባት ሰባት እናሰልፍ፤ አይተርፍም፣ አይጎድልም። ሦስት ጨምረን 31 ስናደርገው ግን ነገሩ ይለወጣል። ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት፣ አምስት አምስት አድርገን ብንደረድረው ሁልጊዜ አንድ ፍሬ ይተርፋል። በሌላም ብንሞክር አይሞላም። ትምህርት ቤት ብቸኛ ቁጥር የተባለልን ይህ ነው፤ ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም።

31 ሌላም መታወቂያ አለው። አምስት ሁለቶችን አባዝተን ከምናገኘው 32 ላይ አንድ ስንቀንስ ይመጣል። 3 እና 7ም የተወለዱት በዚሁ መንገድ ነው። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን መርሰን በ1644 እ.ኤ.አ. የእነዚህን ቁጥሮች ዝርዝር ስላወጡ ቁጥሮቹ በመርሰን ስም ይጠራሉ። መንገዱ ግን ሁልጊዜ አያደርስም፤ 11 ሁለቶች ተባዝተው አንድ ሲቀነስ 2,047 ይሆናል፣ እሱም 23 ጊዜ 89 ነው።

ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የዚህ ቤተሰብ 52ኛው የታወቀ አባል ተረጋገጠ። 136,279,841 ሁለቶች ተባዝተው አንድ የተቀነሰበት ቁጥር ሲሆን 41,024,320 አሃዝ አለው። በሴኮንድ አንድ አሃዝ እየጠራ ቀንና ሌሊት ሳያርፍ የሚያነብ ሰው ለመጨረስ ከ474 ቀን በላይ ይፈጅበታል። ያገኘው አሜሪካዊው ሉክ ዱራንት ነው፤ በ17 አገሮች የሚገኙ ኮምፒውተሮችን አቀናጅቶ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. በጆርጅ ዎልትማን ከተጀመረው የበጎ ፈቃደኞች ፍለጋ ጋር ሠርቷል።

ይህን ያህል ግዙፍ ቁጥር በየአካፋዩ እየሞከሩ ማጣራት ዕድሜ አይበቃውም። ኤድዋርድ ሉካስ የጀመሩት፣ ዴሪክ ሌመር ያሻሻሉት ዘዴ ግን እጅግ ቀላል ነው፤ ከሒሳብ ውበቶች ሁሉ እኔ የማስቀድመው እሱን ነው። ከ4 ተነሣ፤ በራሱ አባዛ፤ 2 ቀንስ፤ ለምትመረምረው ቁጥር አካፍለህ ቀሪውን ያዝ፤ ድገም። ዙሩ ከሁለቶቹ ብዛት በሁለት ያንሳል። ለ31 ሦስት ዙር ነው፦ 14፤ ቀጥሎ 194 ለ31 ተካፍሎ ቀሪው 8፤ ቀጥሎ 62፣ ቀሪው ዜሮ። በመጨረሻው ዙር ዜሮ ከመጣ ቁጥሩ ብቸኛ ነው። ለግዙፉ ቁጥር ዙሩ 136,279,839 ነው፤ መጨረሻው ያው ዜሮ።

ወደ 28 እንመለስ። ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14 ሲደመሩ ራሱን 28ን ይሰጣሉ። እንዲህ ያለውን ምሉዕ ቁጥር እንበለው። ከ2,000 ዓመት በፊት ዩክሊድ እንዳረጋገጠው እያንዳንዱ የመርሰን ብቸኛ ቁጥር አንድ ምሉዕ ቁጥር ይወልዳል፤ 7 በ4 ተባዝቶ 28ን ወልዷል። የቤተ ክርስቲያንን የዘመን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብን፣ የተማረ ሰው 28ን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ዓውደ ፀሐይ ነው። አራቱ ወንጌላውያን በየተራ ዓመቱን ሲይዙ፣ ሰባቱ ዕለታት ሲፈራረቁ፣ 4 ጊዜ 7 ሆኖ በ28 ዓመት ወንጌላዊውና ዕለቱ እንደገና ይገናኛሉ። እሱን በ19 ስናባዛ 532 ይመጣል፣ ዓውደ ቀመር። 19 ራሱም ብቸኛ ቁጥር ነው። የአዲሱ ግዙፍ ቁጥር ምሉዕ ልጅ 82,048,640 አሃዝ ቢኖረውም ከእኛ 28 ጋር አንድ ዘር ነው።

በኢንተርኔት የሚላክ ምስጢርን የሚቆልፉት ብቸኛ ቁጥሮች በመቶዎች የሚቆጠር አሃዝ ይበቃቸዋል። ይህኛው ለዚያ ሥራ አያስፈልግም፤ የተፈለገው ለማወቅ ነው፣ ያም በቂ ምክንያት ነው።

በቦንጋና በመላው ከፋ ሒሳብ የምታስተምሩ መምህራን፣ ለተማሪዎቻችሁ 127ን ስጧቸው፤ ሰባት ሁለቶች ተባዝተው አንድ ሲቀነስ የሚገኝ ነው። ከ4 በሚነሣው በዚያው ዘዴ ለመመርመር ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። 14፣ 67፣ 42፣ 111 ይመጣል፤ በአምስተኛው ዙር ዜሮ።